ባሕር ዛፍ ጉልበት አይጠይቅም

ጉልበት የሚለውን ቃል ማን እንዳወጣው ባውቅ ኖሮ ዳኛ ፊት አቆመው ነበር። እግር መሐል ያለውን መታጠፊያም ጉልበት አለው፣ የሰውን ኃይልም ጉልበት አለው፤ ሁለቱን ባንድ ስም ጠርቶ እኔን ለሰው አፍ ሰጠኝ። ያን ዓመት የደረሰብኝ ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

የምኖረው ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚወስደው መንገድ፣ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ ባለ መንደር ነው። ባሌ ከሞተ ወዲህ ጤፉንና በቆሎውን በእኩል የሚያርስልኝ ሰው አለ። ከቤቱ ጀርባ ያለችው የበርበሬ ማሳ ግን የኔ ብቻ ነበረች። ፍሉን፣ ችግኙን ማለቴ ነው፣ የማፈላው እኔ፣ የምተክለው እኔ፣ የምኮተኩተው እኔ፣ ቀዩን ለቅሜ፣ አድርቄ ቡሬ ገበያ የማወርደውም እኔ ነኝ። ልጄን ያስተማርሁት በእሷ ነው። መንገደኛ "ይኼ የማን ቤት ነው?" ሲል "የበርበሬዋ ሴትዮ" ይሉት ነበር፤ ስሰማው ደስ ይለኛል።

ስድሳን ካለፍሁ በኋላ ቀኝ ጉልበቴ ያስቸግረኝ ጀመር። ጠዋት ስነሣ እንደ ደረቀ ቆዳ ይገትረኛል፤ ትንሽ ወዲያ ወዲህ ስል ይለቀኛል። ቁልቁለት ስወርድ ይወጋኛል። አረም ላይ ቁጢጥ ብዬ ቆይቼ ልነሣ ስል ደግሞ ይንቋቋል፤ በሁለት እጄ መሬቱን ተደግፌ ነው የምነሣው። አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ ለጎረቤቴ "ጉልበቴ እምቢ አለኝ" አልኋት። ሌላ ምን ልበላት? ካነጋገር ይፈረዳል፣ ካያያዝ ይቀደዳል ይባል የለ? ሳምንት ሳይሞላ አገሩ ሁሉ "ጉልበት አልቆባታል፣ ደክማለች" ይል ጀመር።

ለደከመ ሰው የሚደረገው ደግሞ የታወቀ ነው። ቅቤ መጣ፣ የአጃ አጥሚት መጣ፣ የአጥንት መረቅ መጣ። ከዚህ ሁሉ የባሰው "ይቀመጡ" የምትለዋ ቃል ናት። ውሃ ልቅዳ ስል እንስራውን ይነጥቁኛል፣ ደጄን ልጥረግ ስል መጥረጊያውን ይቀሙኛል፣ "ኧረ በሞቴ፣ አረፍ ይበሉ" ይላሉ። መጀመሪያ ላይ አልጠላሁትም፤ ቅቤ ማን ይጠላል? በላሁ፣ ተቀመጥሁ፣ ወፈርሁ። ጭኔ ሲሰልል ወገቤ ሰፋ። የመንደሩ ሰው ኃይል ጨመርንላት ሲል ለታመመው ጉልበቴ ሸክም ነበር የጨመረለት።

ጥር ላይ ዋርሳዬ፣ የባሌ ታናሽ ወንድም፣ ሴት ልጁን ዳረ። እኔ ከትልልቆቹ ተርታ በክብር ተቀምጫለሁ። ሙሽሮቹ እንደ ወጉ ጉልበት እየሳሙ ሲዞሩ እኔ ዘንድ ደረሱ። ሙሽራው ጨዋ ልጅ ነው፤ ከሁሉ አብልጦ ሊያከብረኝ ፈልጎ ይሆናል፣ ግንባሩን ቀኝ ጉልበቴ ላይ ጥብቅ አድርጎ አሳረፈው። ጮህሁ። ምርቃት ሲጠብቅ የነበረው ዳስ ሙሉ ሰው ጩኸቴን ሰማ። ልጁ ደንግጦ ወደ ኋላ ሲል ሚዜውን ሊጥለው ነበር።

ሠርጉ እንዳለፈ ዋርሳዬና ልጄ አብረው መጡ። ልጄ ፍኖተ ሰላም አስተማሪ ነው።

"እታለም፣ ኸንግዲህ በርበሬው ይቅርብዎ" አለ ዋርሳዬ። "ማሳውን ባሕር ዛፍ እንትከልበት። ባሕር ዛፍ ጉልበት አይጠይቅም። ችግኙን እኔው አፍልቼ ሰኔ ሲገባ እተክልልዎታለሁ። እርስዎ ብቻ ይቀመጡ።"

"አጎቴ እውነቱን ነው፣ እምዬ" አለ ልጄም። "ስትለፊ ኖርሽ፣ አሁን እረፊ።"

በፍቅር ነው ያለው። ፍቅሩ ነው ይበልጥ ያናደደኝ። ባሕር ዛፍ አንዴ የገባበትን መሬት አይለቅም፤ ቢቆርጡት ከጉቶው ያቆጠቁጣል፣ ሥሩ አጠገቡ ያለውን ውሃ ሁሉ ይመጠዋል። እኔ በሕይወት እያለሁ ያቺ ማሳ ዳግም በርበሬ አታይም ማለት ነው። በዚያ ዘመን ጤፍ ይዘራበት የነበረው መሬት ሳይቀር በባሕር ዛፍ እየተያዘ ነበር። ዛፉን አልጠላውም፣ ቤቴም የቆመው በእሱ ነው። ማሳዬን ከወሰደ ግን እኔ በቁሜ ተቀበርሁ። "ሰኔ ይምጣና እናያለን" ብቻ ብዬ ሸኘኋቸው።

ልጄ እንደዚያም ሆኖ ሐኪም ይያት ብሎ ፍኖተ ሰላም ወሰደኝ። የእንቅስቃሴ ሕክምና የተማረች ሴት ጉልበቴን አጠፈች፣ ዘረጋች፣ ዳበሰች። ወድቄ እንደሆነ፣ ቀልቶ የሚያብጥ፣ ትኩሳት ያለው እንደሆነ ጠየቀችኝ። የለም አልኋት። ቀጥላ ሁለቱን ጭኖቼን እያስተያየች "አገር ቤት ምን አሉዎት፣ እማማ?" አለችኝ።

"ጉልበት አልቆባታል አሉ። ቅቤ እያበሉ አስቀመጡኝ።"

ሳቋን ዋጥ አደረገች። "አጥንትና አጥንት እንዳይፋጭ መሐሉ ላይ ለስላሳ ልባስ አለ። የሳሳው እሱ ነው፤ እንደ ልጅነትዎ አይመለስም። ኃይልዎ ግን አለ። ጉልበትዎን ደግፎ የሚይዘው ጭንዎ ነው፣ እሱን በመቀመጥ እያደከሙት ነው።"

"የማይመለስ ከሆነ ምን ላድርገው ታዲያ?"

"ያሠሩት" አለችኝ።

የሚያመኝን ላሠራው? ያላገጠችብኝ መሰለኝ። እሷ ግን ከፍ ያለ ወንበር ላይ አስቀምጣ እግሬን አዘረጋችኝ፣ ከፍ አድርጌ እንድይዘው አዘዘችኝ፣ እጄን ሳልደገፍ አስነሣችኝ። ትንሽ ቢያመኝ እንዳልፈራ፣ በማግሥቱ ብሶ ከዋለ ግን አብዝቻለሁ ማለት ስለሆነ እንድቀንስ ነገረችኝ። ቅቤው ይቅር፣ ክብደትዎ ይቀንስ አለች። ቁጢጥ ማለትም ይቅር አለች። ኪኒን የሰጠችኝ ለባሰበት ቀን ብቻ ነው፤ ሆድ ስለሚልጥ ምግብ ሳልቀምስ እንዳልውጥ፣ ከጎረቤትም እንዳልዋስ አስጠነቀቀችኝ። ዱላ ላይ ተጣላን። የሚያመኝ ቀኝ እግሬ ነው፣ እሷ ዱላውን በግራ እጅ ይያዙ ትለኛለች። ግራና ቀኟን አታውቅም ብዬ ልጄን በዓይኔ ጠቀስሁት። ደግሜ ደጋግሜ በሁለቱም እጄ ሞከርሁት፤ በግራ ስይዘው ጉልበቴ ቀለለኝ። መሸነፍ አልወድም፤ ያን ቀን ግን ተሸንፌ ደስ አለኝ።

ቤት ስመለስ ጦርነቱ ተጀመረ። ዐቢይ ጾም ቶሎ መግባቱ በጀኝ፤ ቅቤ ይዞ የሚመጣ ጠፋ። ከፋሲካ በኋላ እንደገና ሲያመጡልኝ እምቢ ማለት ነውር ስለሆነ ተቀብዬ አናቴን ተቀባሁት፤ ያን ሰሞን ጸጉሬ አማረ። በየጠዋቱ ዱላዬን በግራ ይዤ እስከ አስፋልቱ ደርሼ እመለሳለሁ። ሰዉ ደጁ ላይ ቆሞ "ምን ጉድ ነው? ይቀመጡ እንጂ" ይለኛል። "መቀመጥ ካማረሽ እኔ ቤት ወንበር አለልሽ" አልኋት አንዷን። ቀስ በቀስ እንቁላል እንኳ በእግሩ ይሄዳል ተብሏል፤ እኔ እግሩ አለኝ።

ሁልጊዜ አልቀናኝም። አንድ ሰሞን ልቤ ጨክኖ ከዐቅሜ በላይ ስቆፍር ዋልሁና አልጋ ላይ ቀረሁ። በሙቅ ውሃ የነከርሁትን ጨርቅ ጉልበቴ ላይ አድርጌ አለቀስሁ፤ ከሕመሙ ይልቅ ዋርሳዬ ልክ ሊሆን ነው ብዬ ነው ያለቀስሁት። ሲሻለኝ ቀንሼ ጀመርሁ።

ቁጢጥ ሳይሉ በርበሬ እንዴት እንደሚተከል የነገረኝ አልነበረም፤ ለራሴ ዘየድሁ። ፍሉን ቆሜ እንድንከባከበው በድንጋይ በተካበ ከፍ ያለ መደብ ላይ አፈላሁ። አናጢ እግሩ ረጅም የሆነ በርጩማ ሠራልኝ፣ መኮትኮቻዬንም እጀታ አስረዘምሁለት። ለተከላው የዱላዬን ጫፍ አሾልሁ፤ በእሱ ቀዳዳ እወጋለሁ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ ችግኟን እሰዳታለሁ፣ አፈሩን በእግሬ እጠቀጥቃለሁ። አንድ መስመር ስጨርስ በርጩማዬ ላይ አርፋለሁ። ጎረቤቶቼ እያዩ ይስቃሉ፤ እኔም እየሳቅሁ እተክላለሁ።

ሰኔ ገብቶ ዝናቡ ሲጠና ዋርሳዬ በበቅሎ ሆኖ፣ ችግኝ የተጫኑ አህዮች ከፊቱ እየነዳ መጣ። የማሳው ግማሽ በርበሬ ሆኖ ጠበቀው።

"ምነው እታለም፣ ተነጋግረን አልነበር?"

"አንተ ተናገርህ፣ እኔ ሰማሁ። እሺ ያልሁት የት ላይ ነው?"

"ሰውስ ምን ይለኛል? የወንድሜ ሚስት በዚህ ዕድሜዋ አፈር ስትገፋ ዝም ብዬ ልይ?" አለና ከበቅሎዋ ወረደ። ዶማውን ይዞ ባዶ ወደ ነበረው ግማሽ ሄደ፣ ተንበረከከ፣ ቆፈረና አንዷን ባሕር ዛፍ ተከለ። ደሜ ፈላ። ተነሥቶ ዞር ሲልልኝ እነቅላታለሁ ብዬ ቆሜ ጠበቅሁ።

አልተነሣም። የጠቀጠቀውን አፈር መልሶ ጠቀጠቀ። አንድ እጁን መሬት፣ አንድ እጁን ዶማው ላይ አድርጎ ትንሽ ብድግ አለና ተመልሶ ቁጭ አለ። ያን አነሣሥ አውቀዋለሁ።

"እግሬ ተኛብኝ" አለ፣ ቀና ሳይል።

"እግር የተኛበት ሰው እንዲህ ላብ አያጠምቀውም" ብዬ በርጩማዬን አጠገቡ አቆምሁለት። "እጅህን እዚህ ላይ አድርግ። ደኅናውን እግር አስቀድም።"

"ደኅና የለውም" አለኝ።

እንደምንም ተነሥቶ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቅሁት። ከአምና በፊት ነው አለኝ፤ ሁለቱም ጉልበቶቹ ናቸው።

"ለማን ነገርህ?"

"ለማን እነግራለሁ? ወንድ ልጅ ጉልበት የለኝም ብሎ ኸማን ፊት ይቆማል?"

የእሱ መሬት ከዳር እስከ ዳር ባሕር ዛፍ ሆኗል። ሰው ሁሉ ብልኅ ነው እያለ ሲያደንቀው ነበር የከረመው። ማረስ አቅቶት መትከሉን ያወቅሁት ያን ቀን ነው፤ ለእኔ የሚናገረው ሁሉ ስለ ራሱ ነበር። አዘንሁለት። ንዴቴም አልበረደም፤ ሁለቱም ባንድ ሆድ ቦታ አገኙ።

"በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም" አልሁት። "በል፣ እግርህን ዘርጋ።"

ዘረጋ።

"ከፍ አድርገህ ያዘው።"

"ያማል።"

"ያማል። ያዘው።"

እግሩ እየተንቀጠቀጠ ያዘው። እኔ ሄጄ የተከላትን ባሕር ዛፍ ነቅዬ እጁ ላይ አኖርሁለት። ተቀብሎኝ ከሌሎቹ ጋር አህያው ላይ ጫናት። ልጓሙን ይዞ ግን አልሄደም፣ መስመሮቹን ያያል።

"እታለም፣ ኸዚህ ፍል የሚተርፍዎ አለ?" አለኝ። "ጓሮዬ ላይ ዛፉ ያልደረሰባት ትንሽ ቦታ አለችኝ።"

ዕንባዬ መጣ፤ እንዳያየኝ ወደ መደቡ ዞርሁ።

"ይተርፈኛል። ነገ መጥተህ ራስህ ንቀል። በቅሎዋን ግን ቤቷ ተዋት።"

"ሩቅ ነው እኮ።"

"እያረፍህ ና።"

በማግሥቱ ሲደርስ ረፋዱ አልፎ ነበር። በእግሩ ነው የመጣው።