ደብተሩ ላይ ያሉት ክቦች

የሱዳኑን ጦርነት ሸሽተን ከኦምዱርማን ወደ ሸንዲ ስንጓዝ፣ አውቶቡስ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጡት እናት ስማቸውን አልነገሩኝም። ሰውነታቸውን የተጠቀለሉበት የቶብ ልብሳቸው ጫፍ በፍም ተበሳስቷል። አንድ የተማሪ ደብተር ደረታቸው ላይ አጥብቀው ይዘዋል።

ኬላው ላይ አንድ ወታደር ደብተሩን ነጥቆ ገለጠው። ክብ በክብ ውስጥ ተስሎ፣ በየክቡ ላይ ነጥቦች ተደርድረዋል።

«ይሄ የማን ካርታ ነው? ነጥቦቹ ወታደሮች ናቸው?» አለና ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ። ባለፈው ኬላ ስልኩ ውስጥ ፎቶ የተገኘበትን ሰው አስቀርተውብን ነበር።

«ሶዲየም ነው፣ ልጄ» አሉ እናትየዋ። «መሀሉ ላይ ያለው አስኳሉ ነው። ነጥቦቹ ኤሌክትሮኖች ናቸው፤ በመጀመሪያው ክብ ሁለት፣ በሁለተኛው ስምንት፣ በውጭኛው አንድ። ያቺ አንዷ ከአስኳሉ ስለራቀች በቀላሉ ትወሰዳለች።»

ወታደሩ «ኬሚስትሪ አስተማሪያችን ይሄን ስንሳሳት ነበር የሚገርፈን» ብሎ ደብተሩን ጭናቸው ላይ ወረወረላቸው።

አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ «አስተማሪ ነዎት እንዴ፣ ሐጃ?» አልኳቸው።

«ሻይ ሻጭ ነኝ፤ ማንበብም አልችል። ልጄ ይሄን ሥዕል እያየች ለፈተና ጮክ ብላ ስታጠና እየሰማሁ ያዝኩት።»

«እሷስ የት አለች?»

«ባለፈው ወር በዚሁ መንገድ ኬላ ላይ ወታደሮች ከአውቶቡስ አወረዷት። አብረዋት የተሳፈሩት ሰዎች ደብተሯን ብቻ ነው ያመጡልኝ።»

ቀጣዩ ኬላ ከሩቅ ሲታይ፣ እናትየዋ እዚያ የቆሙትን ሰዎች ፊት አንድ በአንድ ለማየት ወደ መስኮቱ ተጠጉ።