የጄበዝ ድስት

«እሳቴ አትጥፊብኝ፣ ድስቴ አትቀዝቅዢ…»

ከዚህ በኋላ ያለውን ስንኝ ጄበዝ ለስከም ረስቶታል። ማንኪያውን ድስቱ ውስጥ እያዞረ ያንኑ ስንኝ ይላል፣ ይደግማል፣ የቀረውን በአፍንጫው ያንጎራጉረዋል። ዘፈኑ የሚስቱ የተርዛ ነበር። በክረምቱ ስትሞት ድምፅዋንም፣ ሁለተኛውን ስንኝም ይዛው ሄደች።

ጄበዝ በስንዴ አገዳ ጣራ የሚከድን ሰው ነው። በኛ ከተማ በቶልኮም ዝናብ የማያስገባ ጣራ ካለ የሱ እጅ አለበት። ስሙን ያስጠራው ግን ድስቱ ነው። በድሮው ሥርዓታችን የፓርላማ እንደራሴ ለመምረጥ መሬት አይጠየቅም ነበር፤ በገዛ ምድጃው፣ በገዛ ድስቱ የሚቀቅል ወንድ ሁሉ ድምፅ ነበረው። ኋላ ሕጉ ተለወጠና ለአዲስ ሰው ያ በር ተዘጋ፤ የድሮዎቹ ግን እስኪሞቱ ተተዉ። እነሱም አንድ በአንድ ሞቱ። ጄበዝ ብቻውን ቀረ። መንገድ ላይ «ጋሽ ድስቴ» ሲሉት ባርኔጣውን ያነሣላቸዋል።

ተርዛን ከቀበረ ወዲህ ማዕድ ላይ ተቀምጦ አያውቅም። ባዶ ወንበሯ ፊት ለፊቱ ነው፤ ማየት አቃተው። ጎረቤቱ እትዬ ኦነር፣ ባሏን ባሕር የበላባት ሴት፣ ማታ ማታ በሳህን ታመጣለታለች። እሱ መስኮቱ ሥር ቆሞ አንዴ ሁለቴ ይቀምስና ያስቀምጠዋል። ድስቱን ግን አላሳረፈውም። በየቀኑ ገብሱን ጥዶ ያንተከትካል፤ ሲበስል አውጥቶ ለኦነር አሳማ ይሰጣል። ተርዛ ያነደደችውን እሳት እኔ አላጠፋም ይል ነበር።

እንዲህ እንዳለ ምርጫ መጣ። በሰማያዊ ሪባን የባለመሬቱ የሎርዱ የወንድም ልጅ፣ በቢጫ ደግሞ የበግ ሱፍ ነጋዴው ሚስተር ባቨርስቶክ ለእንደራሴነት ቀረቡ። ሰማያዊዎቹ ባለፈው ፓርላማ ያስወጡት ሕግ ድሃው እንጨት የሚለቅምበትን የወል ዱር በአጥር ከልሎ ለሎርዱ ሰጥቶታል። ተርዛን የገደላት ያ አጥር ነው። ከአጥሩ ማዶ ሩቅ ሄዳ እንጨት ስትለቅም ዝናብ መታት፤ ሳንባዋን ያዛት፤ በዚያው አልተነሣችም። ባቨርስቶክ አጥሩን አስፈርሳለሁ ብሎ ምሏል። የጄበዝ ቤት ደግሞ የሎርዱ ነው።

በዋዜማው የሎርዱ ቤቶች አስተዳዳሪ ሚስተር ክሮከር መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ስለ ዝናቡ አወራ፣ ለተርዛም ነፍስ ይማር አለ። ከዚያ የበሩን መቃን መታ መታ አደረገና፣

«ጣራው ያንተ ሥራ ነው፤ ግድግዳው ግን የሎርዱ ነው። ነገ አፍህን ስትከፍት ይህን አስብ» አለው።

«አስባለሁ ጌታዬ። ሌሊቱን ሙሉ ሌላ ምን ሥራ አለኝ?»

በኛ አገር ድምፅ በሹክሹክታ አይሰጥም። መራጩ ገበያው መሐል በተሠራው የሳንቃ መድረክ ላይ ወጥቶ፣ አከራዩም አበዳሪውም እየሰሙት፣ የመረጠውን ሰው ስም ይጠራል። ጄበዝ ሲወጣ የሰማያዊዎቹ ጠበቃ ተነሣ። ይህ ሰው በመበለቲቱ ሳህን የሚኖር ተመጽዋች ነው፣ ምድጃው ከሞተ ቆይቷል፣ ድምፅ የለውም ብሎ ለከንቲባው አመለከተ። ከሕዝቡ መሐል አንዱ «ጋሽ ድስቴ፣ ድስትህ ጾም ገባ አሉ» አለና ገበያው ሳቀ።

 ተርዛ ከሞተች ጀምሮ መብላት አቃተኝ ብሎ ጄበዝ ለዚያ ሁሉ ሰው እንዴት ይናገር? ያኔ እትዬ ኦነር ሻርፗን አጥብቃ ወደ መድረኩ ተጠጋች። ሴት እዚያ መናገር ልማድ አይደለም።

«ሳህን የማመላልሰው ስለማይበላ ነው እንጂ ስለማይቀቅል አይደለም፣ ጌቶቼ። በየቀኑ ይቀቅላል። ካላመናችሁ አሳማዬን እዩት፤ ከከንቲባው በቀር በከተማው የሚስተካከለው የለም።»

ከንቲባው ራሳቸው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ሕጉ ይቀቅል ይላል እንጂ ይብላ አይልም ብለው ፈረዱለት።

አሁን የቀረው ስሙን መጥራት ነው። ክሮከር ከታች አንጋጦ ያየዋል። ጄበዝ ባርኔጣውን አወለቀ። ለራሱ እንደሚያንጎራጉር ያህል፣

«ባቨርስቶክ» አለ።

አልተሰማም ተባለ። ደግሞ ጠራው፤ ያኔ ገበያው በሙሉ ሰማ። ከሰማያዊዎቹ በኩል ጥቅል ጎመን ተወርውሮ ትከሻውን መታው። ጎንበስ ብሎ አነሣው፣ አቧራውን አራገፈ፣ በብብቱ ይዞት ወረደ።

አመሻሹ ላይ ቢጫዎቹ ተሸነፉ፤ አጥሩም በቦታው ቀረ። ክሮከር መንገድ ላይ ጠብቆት የኪራይ ዘመን እስከሚያበቃበት እስከ ሚካኤል በዓል ቤቱን እንዲለቅ ነገረው።

ኦነር ሳህኗን ይዛ ስትገባ ጄበዝ ያን ጎመን ከትፎ፣ የአሳማ ሥጋ ጨምሮበት ያማስላል። ስለ ቤቱ ሰምታለች።

«ጣራዬ ያፈሳል» አለችው፣ «ምድጃዬ ግን ለሁለት ድስት ይበቃል።»

«ከዚህ ከወጣሁ ድምፄ ያበቃል እኮ ኦነር።»

«ዛሬ ተጠቀምክበት አይደል? ያልተጠቀሙበትን አፈር በልቶታል።»

ጄበዝ ወደ ድስቱ ዞረ። ማንኪያው ሲዞር ያ ስንኝ ሳያስበው ከአፉ ወጣ፤ እንደ ወትሮውም የጠፋው ስንኝ አፋፍ ደርሶ ቆመ። ኦነር ወንዝ ዳር ከተርዛ ጋር ልብስ ስታጥብ የኖረች ናት። በቀስታ ጨረሰችለት፦

«እሳቴ አትጥፊብኝ፣ ድስቴ አትቀዝቅዢ፣
የሚመጣ አለና ቦታውንም ያዢ።»

ጄበዝ ማንኪያውን አስቀመጠ።  ከዚያ የተርዛን ወንበር ሳበና ለኦነር አቀረበላት። በሁለት ሳህን ጨለፈ። የራሱን ወንበር በእጁ ጠራረገ፣ ተቀመጠ፣ በላ።