ለጥንድ ጨዋታ የመረጥኩት ራኬት

የባድሜንተን ራኬት ባየሁ ቁጥር እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል። ጨዋታው ምን አደረገኝ? ምንም። የምናደደው በሹሙ ነው፣ ከአዲስ አበባ በመጣው እንግዳ ነው፣ ከሁሉም ይልቅ በራሴ ነው።

በስድሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት መጀመሪያ ቆቦ የስፖርት አስተማሪ ነበርኩ። ከዋጃ በኩል በረሃብ ተነቅሎ የሚመጣው ሕዝብ የመኪናውን መንገድ ይዞ ወደ ጎብዬ፣ ከዚያም ወደ ወልድያ ይጎርፋል። የደከመው መንገድ ዳር ይቀመጣል፤ ከተቀመጠ ደግሞ አብዛኛው አይነሣም። ክፍሌ ውስጥ ከግማሽ በላይ ወንበር ባዶ ነበር። እኔ ደመወዜን እየበላሁ ባዶ ወንበር አስተምራለሁ።

የእናቴ ወንድም ሮቢት ይኖሩ ነበር፤ ሚስትና ሦስት ልጆች አሏቸው። በሬዎቻቸው አልቀዋል፣ ፍየሎቻቸው ተሸጠዋል። የቀራቸው ሀብት እኔ ነበርኩ፤ የተማረ የእህት ልጅ። ቆቦ መጋዘን ውስጥ የእርዳታ እህል እንዳለ፣ የወረዳው ሹም የፈረመበት ወረቀት ካልተያዘ ግን አንዲት ቁና እንደማትወጣ የነገርኳቸው እኔው ነኝ። ይምጡና አቀርብዎታለሁ አልኳቸው።

አንድ ማለዳ በእግራቸው መጡ። ጢማቸውን ተላጭተዋል። ከንስሐ አባታቸው ጋቢ ተውሰው፣ የጎሊናን አሸዋ ጭረው ባገኟት ውሃ በእንዶድ አጥበው፣ አደግድገው ነው የመጡት። የእኛ አገር ሰው ሹም ፊት በቡትቶ አይቀርብም። ችግሩን ቤቱ ትቶ፣ ያለውን ለብሶ፣ የሌለውን ተውሶ ይሄዳል፤ በእድፍ መቅረብ ሹሙን መናቅ ነው፣ ራስንም ማዋረድ። እኔም ማለፊያ ነው ብዬ የጋቢውን ጫፍ አስተካከልኩላቸው። አይ የኔ ነገር!

መንገድ ላይ አንድ ጉዳይ አማከሩኝ። ጎረቤቶቻቸው በማግሥቱ ወደ ወልድያ ሊነሡ ነው፤ እዚያ ንፍሮ ይታደላል ተብሏል። ልጆቹ መራመድ ሳያቅታቸው አብረው ይሂዱ ወይስ የቆቦውን እህል ይጠብቁ? ዛሬ ሹሙን አናግረን እንወስናለን አልኳቸው።

ሹሙ ግቢ ስንደርስ ለካ እሱም እኔን ሲፈልገኝ ኖሯል። የአገሩን ሁኔታ ሊያይ ከአዲስ አበባ የመጣ ትልቅ ሰው ምሳ ላይ ነው፤ ከምሳ በኋላ ሁለት ለሁለት ባድሜንተን ሊጫወት አምሮታል። እንግዳውና ሹሙ በአንድ ወገን፣ እኔና የሹሙ ጸሐፊ በሌላው። ሹሙ አራት ራኬት ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ ለጥንድ ጨዋታ የሚሆነውን ለእንግዳው ምረጥ አለኝ። በር ላይ አጎቴ እንዳሉ፣ አንዲት ፊርማ ብቻ እንደሚፈልጉ ነገርኩት። ከጨዋታው በኋላ አለ።

እሺ ብዬ መመዘን ጀመርኩ። አንደኛው ሙሉ ብረት ነው፤ ያብረቀርቃል፣ ግን ራሱ ከብዶ እጅ ይጎትታል። ብቻውን ለሚጫወት፣ ኋላ ቆሞ ለሚመታ ያስኬዳል። ጥንድ ጨዋታ ግን ፋታ የለውም፤ ባለላባዋ ኳስ መረቡ ላይ ቶሎ ቶሎ ትመላለሳለች፣ ራኬቱ ከደረት ፊት ቶሎ ካልተነሣ አለቀ። ሁለተኛው ርጥበት አግኝቶት ጠምሟል። የሦስተኛው ጅማት ላልቷል፤ በጥፍሬ ስነካው ድምፅ የለውም። አራተኛው ራሱ እንጨት፣ አንገቱ ቀጭን ብረት ነው። ጣቴ ላይ አጋድሜ ስመዝነው ሚዛኑ ወደ እጀታው አደላ፤ ለእጅ የቀለለ፣ መረብ ላይ ለሚመላለስ የተሠራ። እጀታው ስለቀጠነ ጨርቅ ጠቀለልኩበት፣ ፈትቼ እንደገና ጠቀለልኩ። አንድ ሰዓት ያህል ፈጀሁ። ደስም ብሎኝ ነበር፤ አልክድም። ያን ሁሉ ጊዜ አጎቴ በር ላይ ፀሐይ ውስጥ ቆመዋል።

ራኬቱ እንግዳውን ተስማማው። እኛም እያወቅን ተሸነፍንለት። ላቡን እየጠረገ ወደ በሩ ሲዞር አጎቴ ከሩቁ ከወገባቸው ጎንበስ ብለው እጅ ነሡ። ከላይ እስከ ታች አያቸው።

«ተራቡ የምትሏቸው እነዚህን ነው? ጋቢው እኮ ከእኔ ፎጣ ይነጣል» አለ።

ሹሙ ሣቀ። እሱም ይኸንኑ ሲጽፍ እንደከረመ፣ ትንሽ የእህል እጥረት ቢኖርም ወሬው እንደተጋነነ አስረዳው። የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም! እኔ ራኬቴን ይዤ መሀላቸው ቆሜያለሁ። «ጌታዬ፣ ጋቢው የውሰት ነው» ማለት ነበረብኝ። አራት ቃል ናት። አልወጣችም። ዝም አይነቅዝም ይላል ያገሬ ሰው። የኔ ዝምታ ግን ነቅዟል፣ እስከ ዛሬ ይበላኛል።

እንግዳው መኪናው ውስጥ ገብቶ ሄደ። ወረቀቱን ለሹሙ ሳቀርብለት፣ እንግዳው በዓይኑ አይቶት የሄደውን ሰው ተርቧል ብዬ ፈርሜ ልታስበላኝ ነው ወይ ብሎ መለሰልኝ። ወደ በሩ ወጣሁ።

«ትልቁ ሰውዬ ምን አሉ? ያዩኝ መሰለኝ» አሉኝ አጎቴ። ፊታቸው በርቷል።

አፈርኩ። ነገ ሹሙ ሲበርድለት እለምነዋለሁ ብዬም አሰብኩ። «አይተውዎታል። እህሉ ይመጣል፤ ቤትዎ ሆነው ይጠብቁ» አልኳቸው።

ግንባሬን ሳሙኝ፣ መረቁኝ። እንግዲያው ልጆቹን በመንገድ አላንገላታም ብለው ወደ ሮቢት ተመለሱ።

በማግሥቱ ሹሙን ለመንኩት፤ እንቢ አለ። በሦስተኛው ቀን ሁለተኛ እዚህ ደጅ እንዳላይህ አለኝ። ያን ጊዜ ሮጬ መሄድ ነበረብኝ። ሮቢት ሩቅ አይደለም፤ አውቶቡስም ያልፋል። እህል የለም፣ ዛሬውኑ ወደ ወልድያ ውጡ ማለት ብቻ ነበር። በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ እያልኩ ነገ፣ ነገ አልኩ። ፈሪ ነበርኩ፣ ሌላ ስም የለውም። በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ሄድኩ።

የጎረቤቶቹ ቤት ሁሉ ተዘግቷል። የአጎቴ ሚስት ደጃፉ ላይ ተቀምጠዋል፤ ትንሿ ልጅ ጉልበታቸው ላይ ተኝታለች፣ ትተነፍሳለች። ሌሎቹን ሁለት ልጆች አጎቴ በእጃቸው ቀብረዋል፤ እሳቸውን ደግሞ መንገደኞች ናቸው የቀበሯቸው። ጎረቤቶቹ ሲነሡ ሚስታቸው እባክህ እንሂድ ብለዋቸው ነበር። አጎቴ ግን የእህቴ ልጅ ዋሽቶኝ አያውቅም ብለው እንቢ አሉ።

ይኸን ሁሉ ሚስታቸው ያለ እንባ ነገሩኝ። ከዚያ በትከሻዬ አሻግረው መንገዱን አዩ።

«እህሉስ፣ ከኋላ ነው?» አሉኝ።