የቢላው ጀርባ

ባሌ ቢላ ሠሪ ነው። ይህን የምናገረው ልኩራራበት ብዬ አይደለም። በሃያ ሁለት ዓመት ትዳር ውስጥ ቆሽቴን ያሳረረችው ብቸኛ ሴት የመጣችው በቢላ በኩል ስለሆነ ከዚያ መጀመር አለብኝ።

ጓሯችን ውስጥ በቆርቆሮ የተሠራች አንዲት ክፍል አለች። በአንደኛው ግድግዳ ሥር የተሰበሩ የከባድ መኪና ባሌስትራዎች ተደርድረዋል፤ መሃል ላይ ብረት የሚጨብጥ ሞርሳ የተገጠመበት ጠረጴዛ፣ ጥግ ላይ ደግሞ የከሰል ምድጃና ወናፍ አሉ። ባሌ ልጅ ሆኖ አጎቱ ጋራዥ ውስጥ ሲላላክ፣ መኪና ባሌስትራ በሰበረ ቁጥር ስባሪውን እየለመነ ወስዶ ቢላ ያደርገው ነበር። ያው ይኸው እስከ ዛሬ ስባሪ እንደለመነ ነው። ሥጋ ሻጩም፣ ልብስ ሰፊውም፣ አትክልት ነጋዴዋም ደንበኞቹ ናቸው። ቢላው ላይ ስሙን አይቀርጽም። ሰው የእሱን ሥራ የሚለየው ጀርባውን ዳስሶ ነው። ስለት ማንም ይስላል፤ የቢላን ጀርባ ግን እንደ ወንዝ ጠጠር እስኪለሰልስ የሚያሽ ሌላ ሰው አላየሁም። "ማን ሊያየው ነው? በጀርባው አይቆረጥበት!" እያልኩ ስንት ጊዜ ቀልጄበታለሁ። እሱ ፈገግ ብሎ ማሸቱን ይቀጥላል። ቃል በጠብታ የሚሰጥ ሰው ነው።

እኔ አፎት እሰፋለሁ። ስንጋባ ሆስፒታል ወጥ ቤት ነበርኩ፤ ከጠዋት እስከ ማታ ሽንኩርትና ካሮት በጆንያ እየተደፋልኝ ስከትፍ እውላለሁ። በሁለተኛው ዓመት ቢላውን የምጫንበት አመልካች ጣቴ መጀመሪያ ደደረ፣ ቀጥሎ ተሰነጠቀ፣ መግል ያዘና ሥራውን ለቀቅኩ። ያን ጊዜ ባሌ አንድ ቃል ሳይናገር ከቆርቆሮው ክፍል መስኮት ሥር በርጩማ አኖረልኝ፤ ቆዳ፣ ወስፌና ሰም የተቀባ ክር አመጣልኝ። ከዚያ ወዲህ እሱ ቢላውን፣ እኔ ልብሱን።

እንግዲህ ሴትዮዋ የመጣችው ክረምቱ ሲገባ ነው። ደን ውስጥ የምትሠራ ናት፤ ዛፍ ትቆጥራለች፣ ትለካለች፣ ሁለትና ሦስት ሳምንት ድንኳን ውስጥ ታድራለች። ከሠላሳ ብዙ አታልፍም። ጭቃ የጠጣ ትልቅ ቦቲ ጫማ አድርጋ ስትገባ፣ ገና በሩ ላይ ሳለች በልቤ ባለቦቲዋ ብዬ ስም አወጣሁላት። ከኪሷ የጣት ርዝመት ያለው ጥቁር የብረት ዘንግ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

"ክብሪት ይረጥብብኛል፣ ላይተር ያልቅብኛል" አለች። "ይሄ ግን ከውሃ ወጥቶም ይሠራል። እዩት ጋሼ።"

ከጠረጴዛው ላይ አንድ ስባሪ ብረት አንስታ ዘንጉን ፋቀችበት። ነጭ ብልጭታ እንደ ዝናብ ረገፈ። ባሌን አየሁት፤ ዓይኑ በርቷል። እንዲህ በርቶ ያየሁት መቼ እንደሆነ ለማስታወስ ሞከርኩና ተውኩት፤ ባስታውስ ይብስ ነበር።

የምትፈልገው ትንሽ ቢላ ነው። በስለቱ ደረቅ እንጨት ስስ አድርጋ እየፋቀች እሳት ልታስይዝ፣ በጀርባው ደግሞ ዘንጉን ልትፍቅ። "ጀርባው ማዕዘኑ የቆመ ይሁን፤ ክብ ከሆነ ዘንጉ ላይ ይንሸራተታል እንጂ እሳት አይሰጥም" አለችው። ባሌ ራሱን ነቀነቀ። ስትወጣ "ደህና ዋሉ ጋሼ" አለችው። ወደ እኔ ዞር ብላ ደግሞ "ደህና ዋሉ እማማ።"

እማማ! እሱ በስድስት ዓመት ይበልጠኛል።

በማግስቱ ተመልሳ መጣች። ባሌ ቡናማ ወረቀት ዘርግቶ እጇን እንድታሳርፍ ነገራትና እያንዳንዱን ጣት በእርሳስ ዞረው። ቀስ ብሎ፣ በጣቶቿ መሃል እየገባ፣ አውራ ጣቷ ሥር ሲደርስ ትንፋሹን ይዞ። እኔ መስኮቱ ሥር ወስፌዬን ይዤ ተቀምጫለሁ፤ ማን ያየኛል። ስትሄድ ወረቀቱን ግድግዳው ላይ ሰቀለው። ቀና ባልኩ ቁጥር አምስት ጣቶች ሰላም ይሉኛል።

"የእኔን እጅ ስለኸው ታውቃለህ?" አልኩት።

"ያንቺን ለምን ብዬ ነው የምስለው?" አለኝ፤ ከሥራው ቀና እንኳ ሳይል።

ይህን ለታናሽ እህቴ ነገርኳት። ፀጉር ሠሪ ናት፤ የሰው ትዳር በመቀሷ ሥር ሲያልፍ የኖረ ስለሆነ ሁሉን አውቃለሁ ትላለች።

"ስንት ጊዜ መጣች?" አለችኝ።

"ለልኬት ብቻ ሦስት። መጀመሪያ እጇን ሳለ፣ ቀጥሎ ካርቶን ቆርጦ አስያዛት፣ ከዚያ ከእንጨት ጠርቦ።"

"እኔ ቀሚስ ሳሰፋ እንኳ ሁለቴ ነው የምለካው" አለች። "እህቴ፣ ዓይንሽን ግለጪ።"

የእኔ ዓይን መቼ ተከደነና። እንቅልፍም የለኝ። የሚያቃጥለኝ የሴትዮዋ ወጣትነት ብቻ አልነበረም። እኔን ከጠዋት እስከ ማታ በሦስት ቃል የሚያኖረኝ ሰው ለእሷ ያወራላታል! ስለ ብረት፣ ስለ ወይራ እንጨት፣ እጀታው መሃሉ ላይ ለምን ወፈር እንደሚል፣ ከበረደ እጅ እንዳይሾልክ ጫፉ ለምን እንደሚቆለመም። እኔ ይህን ሁሉ ከመስኮቱ ሥር ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁ። ቀናሁ፤ ሌላ ስም የለውም። ሆስፒታል ሳለሁ ከሠራልኝ ቢላ ወዲህ እነዚህ እጆች ለእኔ ተብሎ አንድ ነገር ሠርተው ያውቃሉ ወይ ብዬ ቆጠርኩ። ኩሽና ያለችኝ ቢላ እንኳ ሥጋ ሻጩ አልወደድኳትም ብሎ የመለሳት ናት።

ብረቱ ተቀጥቅጦ ቅርጽ ሲይዝ፣ ገና ሳይወለወል፣ ባለቦቲዋ ባለችበት ጀርባውን በሞረድ ቀጥ አደረገውና ዘንጉን ፋቀበት። ብልጭታው ጠረጴዛው ላይ ዘነበ። ሁለቱም ሳቁ። እኔ ጣቴን በወስፌ ወጋሁ። ከዚያ ባሌ ዘንጉን አምጥቶ እጄ ላይ አኖረው።

"አንቺ ጋ ይቀመጥ። አፎቱ ጎን ላይ ማስገቢያ ስፊለት፣ አብረው እንዲሄዱ።"

ቀጥሎ ባሉት ሦስት ቀናት በር ላይ ተቀምጦ ቢላውን በብርጭቆ ወረቀት ሲያሽ ዋለ። ዓይኑ ዝናቡ ላይ ነው፤ እጁ ለብቻው ይሠራል። ይባስ ብሎ ያንጎራጉራል። ባሌ አያንጎራጉርም ነበር እኮ! እንዳላየው በርጩማዬን ወደ ግድግዳው አዙሬ ተቀመጥኩ።

ረቡዕ ጠዋት ቢላውን ሰጠኝና ባሌስትራ ሊያመጣ ወደ ጋራዡ ሄደ። ሐሙስ ማለዳ ባለቦቲዋ ወስዳ በዚያው ወደ ደን ትገባለች። ብቻዬን ስሆን ያዝኩት። ስለቱ አራት ጣት አይሞላም፤ እጀታው መዳፌ ውስጥ ገብቶ እዚያው የተወለደ መሰለ። ለእሷ ተለክቶ የተሠራ ነገር እኔን እንዲህ መስማማቱ ይበልጥ አናደደኝ። እስቲ ይህን ጉድ ልየው ብዬ ዘንጉን ፋቅኩት።

ምንም የለም። ደገምኩ፣ ጫን ብዬ ደገምኩ። ቢላው ዘንጉ ላይ ሙልጭ ይላል እንጂ አንዲት ብልጭታ አልወጣችም። ጀርባውን በጣቴ ዳሰስኩት። ክብ ነው። እንደ ወንዝ ጠጠር ለስልሷል።

እውነቱን እናገራለሁ፤ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ደን ውስጥ፣ ዝናብ ላይ፣ በደነዘዘ እጅ ስትፍቅና ስትፍቅ ታየኝ። ያን ሁሉ ተለክታ! ከእንግዲህ ጋሼ ብላ አትመጣም አልኩ። አፎቱን ግን በሕይወቴ ሰፍቼ እንደማላውቅ አድርጌ ሰፋሁት፤ ጥፋቱ በማን በኩል እንደሆነ እንዲለይ።

ባሌ አመሻሽ ላይ ሲመለስ ቢላውን ከአፎቱ አወጣና ወደ ብርሃን አስጠግቶ አገላብጦ አየው።

"አለቀ?" አለኝ።

"አለቀ።"

"የጎደለ ነገር የለም?"

"የእኔ አልቋል" አልኩት።

ጀርባውን በጨርቅ ጠረግ አደረገ፣ ዘይት ቀባው፣ መልሶ ከተተው። እኔ እራት ላቀርብ ገባሁ።

ሐሙስ ማለዳ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ባለቦቲዋ መኪና አስቁማ እየሮጠች ገባች። ባሌ ደረቅ እንጨት ስስ አድርጎ ፍቆ ቁልል አዘጋጅቶላት ነበር። ተንበረከከችና ዘንጉን ፋቀች። ደገመች። ሦስተኛ። ፊቷ ላይ የነበረው ፈገግታ ቀስ እያለ ጠፋ።

"ምናልባት እኔ አያያዙን..." አለች፣ እንዳይከፋው።

የባሌ ፊት ዓመድ መሰለ። ሠላሳ ዓመት ሲሠራ አንድ ቢላ ተመልሶበት ያፈረው ያኔ በሥጋ ሻጩ ብቻ ነው። ቢላውን ተቀበላትና በአውራ ጣቱ ጀርባውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳሰሰው። ቆመ። ከዚያ ለአንድ ወር የሚበቃውን ቃል ባንዴ ተናገረ።

"እጄ ነው ያጠፋው" አላት። "እሷ ያኔ ሆስፒታል ወጥ ቤት ትሠራ ነበር። የምትከትፍበትን ቢላ የሠራሁላት እኔ ነኝ። ሥራው ገና አልገባኝም ነበር፤ ስለቱን እንጂ ጀርባውን መች አሰብኩት፣ ማዕዘኑ እንደቆመ ሰጠኋት። ጣቷን የሰነጠቀው እሱ ነው። ሥራዋን ያስለቀቃት የእኔ ቢላ ነው። ከዚያ ወዲህ ጀርባውን ሳላድበለብል አንድም ቢላ ከዚህ ቤት ወጥቶ አያውቅም። የሚለሰልሰው ለእሷ ጣት ነው፤ ልኩን እጄ ያውቀዋል። ያንቺንም ሳላስበው በእሷ ሠራሁት። ይቅርታ አድርጊልኝ።"

ባለቦቲዋ ዞር ብላ አየችኝ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ ነበር። ጣቴ ያለ ዕድሌ የተሰነጠቀ ይመስለኝ ነበር እንጂ፣ ጥፋቱን አንድ ሰው ሃያ ዓመት ተሸክሞት እንደሚዞር መች አውቄ።

ባሌ ቢላውን ሞርሳው ላይ አስቀመጠውና ሞረዱን አነሳ፤ እጁ ግን እንቢ አለው። አንዴ ወደ እኔ አየ። ተነስቼ እጀታው እንዳይጫጫር ቆዳ ጠቀለልኩበትና በሁለት እጄ ያዝኩለት።

"ሞርደው" አልኩት። "የእሷ ነው።"

የጀርባው ማዕዘን እስኪቆም ሞረደው። ባለቦቲዋ ስትፍቅ ብልጭታው ቁልሉ ላይ ረገፈና በሁለተኛው እሳት ያዘ። እንደ ሕፃን አጨበጨበች። አፎቱን ወገቧ ላይ አስራ እየደባበሰች፦

"ይሄን የሰፉት እርስዎ ነዎት? እንዴት ያምራል እማማ!"

"እትዬ በዪኝ" አልኳት። "ለእማማ ገና ነኝ።"

ሳቀች። "እሺ እትዬ" ብላ እየሮጠች ወደ መኪናዋ ሄደች። መጥፎ ልጅ አልነበረችም፤ ይህን መቀበሉ ራሱ አንገብግቦኛል።

እኔ ምሳ ልሥራ ብዬ ኩሽና ገባሁ። ሥጋ ሻጩ የመለሳትን ቢላ አነሳሁና ሽንኩርት መክተፍ ጀመርኩ። ከመሳል ብዛት ስለቷ ግማሽ ሆኗል። አመልካች ጣቴ ጀርባዋ ላይ ዐርፏል፤ ስንት ዓመት ሲያርፍ አንድ ቀን ቆርቁሮት አያውቅም። ባሌ ገብቶ እጁን ታጠበ። ሲያደርቅ ቆየና፦

"ትናንት ጀርባው ላይ የዘንጉን ጥቁር ምልክት አየሁ" አለኝ።

ቢላዋ እጄ ላይ ቆመች።

"ሞክረሽዋል አልኩ። የጎደለ የለም ወይ ስልሽ ምንም ስላላልሽ፣ ይሠራል ማለት ነው ብዬ እኔ አልሞከርኩትም።"

ቁጣ የለበትም። ዘይት የት አለ ብሎ እንደሚጠይቅ ነው የተናገረው። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

"ቀንቼ ነው" አልኩት።

ፎጣውን ሰቀለ።

"በማን?" አለኝ።

ቀና ብዬ ዓይኑን አየሁት፤ የምሩን ነው የሚጠይቀው።