የተነከሰው ዳቦ

ልጄን እንግሊዝኛ ስላስጠናሁ አሰሩኝ። ክስ አልመሠረቱብኝም፣ ፍርድ ቤት አላቀረቡኝም፣ ይቅርታ ያለኝም የለም።

ዓለም ገና ከተማ የመጋዘን ዘበኛ ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት ጎልማሳ ሆኜ ነው፤ ያውም ከገዛ ልጄ። እናቷ ከሞተች በኋላ አጠገቧ ቁጭ እያደረገች ሀ ሁ አስቆጠረችኝ፤ በአውራ ጣት መፈረም አስተወችኝ። እሷ ደግሞ ለውጭ አገር ትምህርት የሚጠየቀውን የእንግሊዝኛ ፈተና ልትፈተን ዓመት ሙሉ ቃል ስትለቅም ነበር። የብስኩት ካርቶን በመቀስ ቆራርጣ በአንድ ፊቱ እንግሊዝኛውን፣ በጀርባው አማርኛውን ትጽፋለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ጓደኞቿ ቤታችን ይሰበሰባሉ። እኔ የአማርኛውን ጎን አነባለሁ፣ እነሱ እንግሊዝኛውን ይመልሳሉ። ዘግይቶ የተማረ ሰው ሲያነብ ይጮኻል። እኔ «መዋቅር» ብዬ ስጮህ እነሱ «ስትራክቸር»፤ እኔ «ሥልጣን» ስል እነሱ «ኦቶሪቲ»፤ እኔ «ሽግግር» ስል እነሱ «ትራንዚሽን»። ለካ ከአጥሩ ማዶ ጆሮውን የሰጠን ጎረቤት ነበር፤ የፖለቲካ ስብሰባ ነው ብሎ ጠቆመብን።

በጠራራ ፀሐይ ሰፈሩ እያየ ጭነው ቡራዩ ወሰዱኝ። ያስገቡኝ ክፍል ድሮ የእህል መጋዘን ሳይሆን አይቀርም፤ ግድግዳው የነቀዘ ስንዴ ይሸታል። መጋዘን ስጠብቅ ኖሬ መጋዘን ውስጥ ተቆለፈብኝ። ቀበቶዬንና ጫማዬን በር ላይ ተቀበሉኝ። ሱሪዬ ሰፊ ነበር። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የግራ እጄ ሥራ ሱሪ መያዝ ሆነ።

በማግስቱ ለምርመራ ግቢውን ሲያሻግሩኝ ልጄን ከውጭ በር ላይ አየኋት፤ ምሳ ዕቃ ይዛ ሰልፍ ላይ ቆማለች። በባዶ እግሬ፣ ሱሪዬን ጨምድጄ፣ እንደ ሌባ እየተነዳሁ ነው። «አባዬ» አለች። ሰማሁ። እንዳልሰማ ሆኜ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ከደረሰብኝ ሁሉ እስከ ዛሬ የሚያቃጥለኝ ይኼ ነው።

መርማሪው ከቤቴ የወሰዷቸውን ካርቶኖች ጠረጴዛ ላይ ዘርግቷቸው ነበር። አንዱን አነሳና፣ «ሽግግር ይላል። ወዴት ነው የሚሸጋገረው?» አለኝ።

«ወደ እንግሊዝኛ» አልኩት።

ጸሐፊው ሳቀ። መርማሪው አልሳቀም፤ በጥፊ መታኝ። በቀኝ እጄ ጉንጬን ልይዝ አልኩና ተውኩት፤ ያለኝ ክብር ግራ እጄ ላይ ነበር፣ እሱኑ አጥብቄ ያዝኩ።

ከዚያ በኋላ ፊቷን አላየሁም። እዚያ ስንቅ እንጂ ጠያቂ አይገባም። በሩ ላይ ያመጣው ሰው ራሱ ከምግቡ ቆርሶ እንዲቀምስ ይደረግና ለእኛ ይሰጠናል። ልጄ ሦስት ታክሲ እየቀያየረች በየቀኑ ዳቦ ታመጣለች፤ ምሳ ዕቃውን እስኪመልሱላትም በር ላይ ትጠብቃለች። ሌላ ሰው የለኝም፤ ጓደኞቿ ፈርተዋል፣ ጎረቤትማ ጎረቤት ነው። እሷ ሰልፍ ላይ ስትቆም ቃሎቿ ከጭንቅላቷ እየረገፉ እንደሆነ አውቃለሁ። ፈተናው ቅዳሜ ጠዋት አዲስ አበባ ነው። ስንቅ የሚቀበሉትም ጠዋት ነው።

ዓርብ ዕለት ምሳ ዕቃውን ያቀበለኝ ፖሊስ፣ «ልጅህ ነገም እመጣለሁ ብላለች» አለኝ። ፈተናውን ልትተው ነው። በእኔ ምክንያት ዕድሜዋን ሙሉ እዚያ በር ላይ የቆመች ሆና ታየችኝ።

«ውሰደው» አልኩት። «ሳልነካው መልስላት። ያኔ ትተወኛለች።»

አጠገቤ የሚተኙት፣ በኦሮምኛ በአክብሮት ኦቦ የምላቸው፣ በልጃቸው ሰበብ የታሰሩ የሱሉልታ ገበሬ፣ ክንዴን ያዙኝ።

«አንተ ልጅ፣ ስንቅ ሳይነካ ሲመለስ ምን ማለት እንደሆነ አታውቅም? ድሮ እናቴ የወንድሜን አገልግል እንደሞላ መልሰው ሲሰጧት፣ እዚያው በሩ ላይ ነው ነጠላዋን ያዘቀዘቀችው። ልጅህን እንዲህ ልታደርጋት ነው?»

«ታዲያ ምን ላድርግ፣ ኦቦ? እርስዎ ይንገሩኝ።»

«በሕይወት መኖርህን ትወቅ፣ ከዚያ ትሂድ። እሷ የምታውቀው ምልክት የለህም?»

ወረቀት ክልክል ነው፣ እስክሪብቶ ክልክል ነው። ያስተማረችኝ ፊርማ ምንም አልሠራልኝም። ከዚያ ትዝ አለኝ። የላይኛዎቹ ሁለት የፊት ጥርሶቼ ድሮ ድንጋይ ስጭን የወለቁ ናቸው። አፍርባቸው ስለነበር ስስቅ በእጄ እሸፍናቸዋለሁ። ልጅ ሆና ግን ነክሼ የተውኩት ዳቦ ላይ ጥርስ ያልነካውን ቦታ ስታይ፣ «ይኼ የአባዬ መስኮት ነው» እያለች ትስቅብኝ ነበር።

ለኦቦ አፌን ከፍቼ አሳየኋቸው።

«ኤዬ» አሉና ፈገግ አሉ። «ይኼን እንኳ በር ላይ አይወስዱብህም።»

ቁጭ አልኩ። ሱሪዬን ለቀቅኩና ዳቦውን በሁለት እጄ ያዝኩት። ስሜን ለመጀመሪያ ጊዜ ስጽፍ እንዳደረግኩት ተጠንቅቄ፣ ልክ መሃሉን አንዴ ነከስኩ። መስኮቱ ጥርት ብሎ ወጣ። ፖሊሱን፣ ነገ ስንቅ አልቀበልም በልልኝ ብዬ ለመንኩት። እኔ ፖስተኛ ነኝ እንዴ ብሎ አጉረመረመ፤ ምሳ ዕቃውን ግን ወሰደው።

ቅዳሜ ጠዋት ስንቅ የመጣላቸውን ስም ሲጠሩ ጆሮዬ ሌላ ነገር አልሰማም። የሁሉም ተጠራ፤ የእኔ አልተጠራም። ደስ ሊለኝ ሲገባ ፍርሃት ያዘኝ፤ ዳቦውን ሳታየው ቀርታ፣ ሞቷል ብላ ቤት እያለቀሰች ቢሆንስ? ኦቦ ቆሎአቸውን አካፈሉኝ። በቀኝ እጄ እየዘገንኩ ቆረጠምኩ፤ ምን ምን እንደሚል አላውቅም።

እሑድ ስሜ ተጠራ። ምሳ ዕቃውን ከፈትኩ። ዳቦው መሃሉ ላይ ተነክሷል፤ ጥርሶቹ ሙሉ ናቸው፣ አንድም አልጎደለም። በሩ ላይ ቅመሺ ሲሏት መቁረሱን ትታ እንደ እኔ ነክሳዋለች። ተፈትናለች ማለት ነው። ለኦቦ አሳየኋቸው። ያን ቀን በእጄ ሳልሸፍን ሳቅሁ።

ውጤቷ በቃት፤ አሁን የምትማረው ከአገር ውጭ ነው። ቤቴ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ባዶ ነው፤ የሰፈሩ ወላጅ ልጁን ወደ እኔ አይልክም። ያ ጎረቤት ዕድር ላይ ጤና ይስጥልኝ ይለኛል፤ እኔም እመልሳለሁ። ፖሊስ ጣቢያ በር ላይ ሳልፍ ቀበቶዬን ታጥቄም ግራ እጄ ወገቤን ይይዛል። ልጄ ስትደውል ብዙ ታወራኛለች። ያን ቀን ስጠራህ ለምን አልዞርክም ብላ ግን ጠይቃኝ አታውቅም። ልጄ፣ ይኼን ካነበብሽ መልሱ ይኸው ነው፤ ሱሪዬን ይዤ ነበር።

የተፈታሁት አንድ ቀን ጠዋት ነው፤ እንደታሰርኩት ሁሉ ማንም ምክንያት አልነገረኝም። ከተፈታሁ ከብዙ ወር በኋላ ጠርተው ፋይሉ ተዘግቷል አሉኝና ቀበቶዬን በፌስታል መለሱልኝ። ጥር አሥራ አራት፣ ሐሙስ ቀን።