ሶስና እምቢ እንዳለች ነው የሄደችው

ጠዋት ወንድሟ አረፈች ብሎ ሲደውልልኝ «ተሳስተሃል» አልኩት። ትናንት ከሰዓት እኮ የድምፅ መልእክት ልካልኛለች፤ እየሳቀች።

ልቧ ነው አሉ፣ ድንገት። አሁንም አላምንም።

ለማታውቋት፦ ሶስና የጡት ካንሰር ተመራማሪ ነበረች። እዚህ ጅቡቲ ሥራውን ያስተማረችኝ እሷ ናት። እታለም ነበር የምላት።

የመጨረሻው ሥራችን በጡት ካንሰር ሴሎች ውስጥ አንድ ጂን ዝም ማሰኘት፣ ማለትም ሥራውን እንዲያቆም ማድረግ ነበር። ጂኑን ዝም ስናሰኘው ሴሎቹን የምናሳድግበት ሳህን ላይ የምናገኘው ሴል በጣም አነሰ። አለቃችን «ገደልናቸው!» ብሎ ጨፈረ።

ሶስና አልጨፈረችም። የሞተ ሴል ከሳህኑ ለቆ፣ ሴሎቹ በሚያድጉበት ፈሳሽ ውስጥ ይንሳፈፋል። ሌሎቻችን የምንደፋውን ፈሳሽ እሷ አትደፋም፤ የሞቱትን እዚያ ውስጥ ትፈልጋለች። ፈለገች፤ ምንም የለም።

«ሞቱ ካልክ ሬሳቸው የታለ?» አለችው።

«አንቺ ደግሞ ቀባሪ ሆንሽ እንዴ?»

«ገደልኩ የምትለው አንተ!»

ሴሎቹ መራባት አቆሙ እንጂ አልሞቱም። ጂኑ መልሶ ሲነቃ እንደገና መራባት ጀመሩ። በዓይኔ አይቻለሁ።

አለቃችን ግን የጥናት ጽሑፉ ላይ «ይገድላል» ብሎ ጻፈ። ተቃወምኩ፣ ከሥራ ተባረርኩ። እሷ ደግሞ ስሜን አታስገባ፣ አልፈርምም አለችው። ሄሮን ሰፈር ባሕሩን ይዘን ስንሄድ «አንዲት ታማሚ ይሄን አንብባ ተስፋ ብታደርግ በምን ዓይኔ አያታለሁ?» ያለችኝ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ።

ዛሬ ካርቲየ 1 ሰፈር ለቅሶ ቤት ስደርስ አለቃችን ቀድሞኝ ተቀምጧል። በሕይወቷ አንድ ቀን ደጇን ያልረገጠ ሰው! እናቷን እያጽናና «ጽሑፉ በስሟ ይወጣል፤ በመጨረሻ ተስማምታ ነበር» ሲላቸው ሰማሁት። እማማ እያለቀሱ መረቁት።

መቼ ተስማማች? ማን ሰማ? ወይስ አሁን «አላልኩም» የምትል ስለሌለች ነው?

ትናንት በላከችልኝ ድምፅ ያለችው ይሄን ነው፦ «ዛሬም እየለመነኝ ነው። ሞቼ እገኛለሁ እንጂ አልፈርምም!»

ለቅሶ ቤት ጠብ አይነሳም ብዬ አፌን ያዝኩ። እዚህ ግን አልይዝም። ድምፁ እጄ ላይ አለ።

እታለም፣ ነገ እቀብርሻለሁ፤ እንዴት እንደምችል አላውቅም። ከቀብር መልስ እናትሽ አጠገብ ቁጭ ብዬ ድምፅሽን አሰማቸዋለሁ። የያዙትን ማጽናኛ እየቀማኋቸው እንደሆነ አውቃለሁ፤ ይከፋቸዋል፣ ምናልባትም ይቀየሙኛል። ቢሆንም የልጃቸውን ቃል ከሱ አፍ አይስሙ።

ሂጂ እታለም። እኔ እዚሁ ነኝ።