የአይናዲስ ሙስካት

አይናዲስ ልጇን ያሳደገቻት በተረት ሳይሆን በሙስካት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ቴክሳስ ውስጥ ቤድፎርድ በምትባል ከተማ አረጋውያን ስትንከባከብ ውላ፣ ወገቧን ይዛ ስትገባ ትንሿ ሐሴት አንሶላዋን እስከ አገጯ ስባ ትጠብቃታለች።

«ማሚ፣ የባሕሯን ከተማ ንገሪኝ።»

እናት ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ትላለች። ጨረቃ ስትወጣ ዓሣ አጥማጆቹ ፋኖስ ይዘው እየዘፈኑ ይገባሉ። የሱልጣኑ ቤተ መንግሥት ደረጃው እስከ ባሕሩ ውስጥ ድረስ ይወርዳል። የገበያው ጣሪያ መስተዋት ስለሆነ ሰው ሁሉ ኮከብ እያየ ይገበያያል። ውጭ ቴክሳስ ነው፤ አውራ ጎዳናው ያጓራል፣ አውሮፕላኖች ዝቅ ብለው በቅርብ ወዳለችው ከተማ ወደ ኧርቪንግ ያልፋሉ። በዚያች ክፍል ውስጥ ግን ማዕበል ይሰማ ነበር።

አይናዲስ ዲቪ ደርሷት አሜሪካ ከመግባቷ በፊት የኦማን ዋና ከተማ ሙስካት ውስጥ ሦስት ዓመት ኖራለች፤ ይህ እውነት ነው። በሰው ቤት ሠርታለች፤ ይህንንም ሐሴት ታውቃለች። የማታውቀው ነገር አንድ ብቻ ነው። እናቷ በዚያ ግቢ በር ያለፈችው ስትመጣና ስትሄድ ብቻ ነው። ባሕሩ ከቤቱ ሁለት መንገድ አልፎ ነበር። ሽታው በየማለዳው ይመጣል፣ የመርከቡ ጡሩምባ ይሰማል፤ እሷ ግን እግሯን ነክራበት አታውቅም። የቀረውን ከራሷ ጨመረችበት። ልጅ ዓይኗን አፍጥጣ «ከዚያስ?» ስትል «እኔ እንጃ» የምትል እናት የት አለች?

ዘንድሮ አገር ቤት የአይናዲስ ወንድም ሠርግ ሲደርስ ትኬት የቆረጠችው ሐሴት ናት። አሁን አድጋ ዴንተን ከተማ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች።

«ማሚ፣ ሰርፕራይዝ! ሙስካት ላይ ረጅም ትራንዚት አለን። ሶ፣ የምሽት ቱር ቡክ አደረግኩ። ማለቴ፣ ጋይድ አያስፈልገንም፤ አንቺ አለሽ። ግን ባሱ ኤሲ አለው።»

«እሰይ የኔ ልጅ» አለች አይናዲስ። አፏ ነው እንዲህ ያለው። እንዳላየችው ከታወቀባት ለልጇ ያወረሰቻት ከተማ በአንድ ምሽት ልትፈርስ ነው።

አውቶቡሱ ከአውሮፕላን ማረፊያው ሲነሣ ፀሐይ ከተራሮቹ ጀርባ ልትገባ ነበር። ተራሮቹ ቅጠል አያውቃቸውም፤ በዚያች ሰዓት ግን ሮዝ ሆነው ከሰማዩ ጋር ሊቀልጡ ምንም አልቀራቸውም። መንገዱ ሰፊ፣ ሕንፃው አዲስና ነጭ፣ መብራቱ አንድ በአንድ እንደ ዶቃ የሚሰካ ነው።

«ይሄ ኧርቪንግ አይደል እንዴ?» አለች ሐሴት።

አይናዲስ ሳቀች፤ ጊዜ ገዛች። የከተማዋ ኦፔራ ቤት በወርቅማ ብርሃን ተነክሮ አለፋቸው። ቀስ እያለች አሮጌዋ ከተማ መጣች። የፖርቱጋሎች ምሽግ ከቋጥኝ ላይ ተንጠልጥሏል፣ ከሥሩ ውሃው ጠቁሮ ይተነፍሳል። ነጭ ቀሚስ የለበሰው አስጎብኚ በእንግሊዝኛ ዘመኑን ይቆጥራል። ገበያው ገቡ። ሐሴት ቀና አለች። ጣሪያው እንጨት ነው።

«ማሚ፣ መስተዋቱስ?»

«አድሰውት ይሆናል።»

ቤተ መንግሥቱ ጋ ደረሱ። «ደረጃውስ?»

«ባሕሩ ሸሽቶ ይሆናላ!»

ሐሴት ከት ብላ ሳቀች። «ባሕር ይሸሻል? ኦኬ፣ የሠራሽበት ቤት የት ነው?»

አይናዲስ እጇን ወደ ባሕሩ ዳር፣ መብራት ወደ ተደረደረበት ነጭ ግድግዳ ዘረጋች። «ያውልሽ።»

«እሱ መርከብ ነው፣ ማሚ።»

ከዚያ በኋላ ሐሴት አልሳቀችም። አውቶቡሱ ሲነሣ ጭንቅላቷን መስኮቱ ላይ አስደግፋ ቆየች። «እውነት እዚህ ኖረሻል?» አለች በመጨረሻ። ቀስ ብላ ነው የጠየቀችው። ብትጮህ ይሻል ነበር።

አውቶቡሱ ጠመዝማዛውን ወጥቶ ከአንድ አሮጌ ሰፈር በላይ ካለች ጉብታ ላይ ቆመ። ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ ፊቱን ወደ ባሕሩ አዞረ፤ ስልክ ሁሉ ወደ ውሃው ቀና። አይናዲስ ግን ውሃውን ማየት አፍራ ጀርባዋን ሰጠችው።

ያን ጊዜ ሰገነቶቹን አየች።

ከእግሯ ሥር ተዘርግተዋል፤ ሮቶው፣ የሳተላይት ሳህኑ፣ የልብስ ገመዱ። ጉብታዋን የከለለውን ግንብ ጫፍ ያዘች።

«ሐሴት። ነይ ወዲህ። ያ አንገቱን ያዘነበለው ሮቶ ይታይሻል? ከሱ አጠገብ ነው የኔ ገመድ። በር አልወጣሁም፣ ልጄ። ገበያውንም ባሕሩንም በቅርብ አላየሁም። ልብስ ለማስጣት ግን በየቀኑ ሰገነት እወጣ ነበር። ማዶ አበዛሽ የምትባል የጎጃም ልጅ ነበረች። የትራስ ልብስ በአንድ ጥጉ ከሰቀለች ማዳም ወጥታለች፣ እናውራ ማለት ነው። በሁለቱ ጥግ ከሰቀለች ዝም። እዚያ ወዲያ ደግሞ የምትዘፍን ነበረች፤ ስሟን ሳናውቅ ድምፅዋን ለመድነው። ሙስካት ማለት ለኔ ይቺ ናት።»

ሐሴት እናቷ የምታየውን ለማየት ጉንጯን ከጉንጯ አስጠግታ ቆመች። ሰማዩ ጠቆር ያለ ወይን ጠጅ ሆኗል፣ አዛን ከአንዱ መስጊድ ወደ ሌላው ይቀባበላል፣ ሰገነቶቹ በብርሃን ላይ የሚንሳፈፉ ይመስላሉ።

ከሁሉም ቅርብ ባለው ሰገነት አንዲት ልጅ ሻሽ አስራ ወጣች። የደረቀውን ልብስ ከመንካቷ በፊት ዞር ብላ የደረጃውን በር አየች።

«የኛ ናት» አለች አይናዲስ በሹክሹክታ።

«እንዴት አወቅሽ?»

«ወደ በሩ አስተያየቷ።»

ሐሴት ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋ፣ በዚያ እንግሊዝኛ እንግሊዝኛ በሚለው አማርኛዋ፣ «ሰላም ነሽ?» ብላ ጮኸች።

ልጅቷ ደነገጠች፤ በሩን አየች፣ ከዚያ ቀና አለች። «ደኅና ነኝ! ማን ነሽ አንቺ?»

ባሕሩን ፎቶ የሚያነሡት ሁሉ ዞረው አዩአቸው።

«የአይናዲስ ልጅ ነኝ!» አለች ሐሴት፣ አገር ሁሉ እንደሚያውቃት።

«የትኛዋ አይናዲስ?»

ሐሴት እናቷን በክንዷ አቅፋ ወደ ግንቡ ጫፍ አቀረበቻት።

«የዚህ ሰፈሯ!»